እግዚአብሔር ካለ፣ ተከዜ እንወርዳለን

ከሰቆጣ ተነስቶ ተከዜን በእግሩ ሊያይ ያሰበ ሰው ሐሳቡን ለአገሬው ሲያጫውት መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ጫማው አይደለም። «መቼ ነው የምትወርዱት?» ይባላል። እሱም ቀኑን ይናገራል፤ ቅዳሜ፣ ወይም የጥምቀት ሰሞን። ያኔ አድማጩ የጎደለውን ቃል ይሞላለታል፤ «እግዚአብሔር ካለ»። ጠያቂው ሙስሊም ከሆነ «ኢንሻአላህ» ይላል። ይህ ቃል እስኪጨመር ድረስ ንግግሩ አላለቀም፤ ቀኑም አልተቆረጠም።

ትንሿ ጭማሪ ትልቅ ጥያቄ አዝላለች። የእግር ጉዞ ማቀድ ማለት ነገን በእጅ ለመያዝ መሞከር ነው። የት እንደሚታደር፣ የሚጠጣ ውሃ የት እንደሚገኝ፣ ወንዙን በየትኛው መልካ እንደሚሻገሩት አስቀድሞ መወሰን ነው። «ካለ» ማለት ደግሞ ነገ የኔ አይደለም ብሎ መመስከር ነው። ሁለቱ እንዴት ከአንድ አፍ ይወጣሉ? ማቀድ ከእምነት መጉደል ይሆን? ወይስ «እግዚአብሔር ካለ» የሚል ሰው ማቀድ የሰነፈ ነው? የሃይማኖት መምህራን ጥያቄውን በመጻሕፍት ላይ ሲያመላልሱት ኖረዋል። በሰቆጣ አገር በዋግ ግን ጥያቄውን የሚያነሳውም መልሱን የሚፈትነውም ወንዙ ነው።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት፤ በገበያዋ አማርኛና ኽምጣኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። በዙሪያዋ ያለው ደጋ ለዘመናት ሲታረስ የኖረ ነው። የጥንቱ ደን ቅሪት የሆኑት ጽድና ወይራ በብዛት የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ ጫካ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች መሄድ አለበት፤ ወደ ዝቋላ፣ ወደ አበርገሌ፣ ወደ ሳህላ። ጥራሪን የመሳሰሉ ገባሮች ገደሉን እየሰረሰሩ ወደ ተከዜ ይወርዳሉ። ቁልቁለቱ በድምሩ ከሺህ ሜትር አያንስም። ጠዋት ጋቢ ያስደረበው ብርድ ከሰዓት በኋላ ተረስቶ፣ መንገደኛው ጥላ ፍለጋ ከሾላ ወደ ቁርቁራ ይዘላል። ከወንዙ በላይ ባለው ድንጋያማ ተረተር ግራርና የዕጣን ዛፍ ተበታትነው ቆመዋል።

ከሰቆጣ እስከ ቀይ ባሕር በቀጥታ መስመር ቢለካ ርቀቱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተከዜ ግን ወደዚያ አይሄድም። ከላስታ ተራሮች ተነስቶ፣ ዋግን ከበለሳና ከስሜን እየለየ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ትግራይ ሲደርስ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ ሰቲት ተብሎ ሱዳን ይገባል፤ ከአትባራ ጋር ሆኖ ዓባይን ይቀላቀላል። ሰቆጣ ላይ የዘነበ ዝናብ ቅርቡን ባሕር ትቶ፣ በረሃውን ሁሉ አቋርጦ፣ ሜዲትራንያን ዳር ያበቃል። ማንም አቃጅ ይህን መንገድ አይመርጥም ነበር።

በግዕዝ ተከዝ ማለት ወንዝ ማለት ነው። የጥንት ሰዎች በዚህ አገር ሌላ ወንዝ የሌለ ይመስል በደፈናው «ወንዝ» ብለውታል። የአማርኛ ጆሮ ደግሞ በስሙ ውስጥ ትካዜን ይሰማል፤ ክረምት ላይ ሞልቶ ያየው ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና አክሱም ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ በኖባ ሰዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ ሲናገር ተከዜንና መልካውን በስም ይጠራል፤ የሸሹትንም 23 ቀን እንዳሳደዳቸው ይገልጻል። ድሉን የሰጠው የሰማይ ጌታ ነው ይላል። ያው ድንጋይ ግን የሞተውን፣ የተማረከውንና የተዘረፈውን ከብት በቁጥር በቁጥር ይዘረዝራል። ንጉሡ ቀኑን ቆጥሯል፣ መልካውን አውቋል፣ ከዚያም ነገሩ ሁሉ በራሱ እጅ እንዳልሆነ ተናግሯል። መቁጠርና ማመስገን እንዳይጋጩ የሚጨነቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያስብ ጥሩ ነው። ሁለቱ አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀርጸው ከ1,600 ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል።

ወንዙ የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ተከዜን በእግር መሻገር ሞትን መፈለግ ነው። ውሃው ሲቀንስ ወባው ይነሳል፤ የቆላው ሰው መስከረምንና ጥቅምትን ከትኩሳት ጋር ያውቃቸዋል። ከኅዳር ወዲህ መንገዱ ይከፈታል፤ ከመጋቢት በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ይበረታል። ለእግረኛ የተረፈው ጥቂት ወር ነው። በጀልባ ለሚሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ በመስከረም 1996 እ.ኤ.አ. ተከዜን በሚነፋ ጀልባ ሲወርዱ የመረጡት ወንዙ ገና ጉልበቱ ያልበረደበትን ጊዜ ነው። የሳተላይት ስልክ ይዘው የየዕለቱን ውሎ በኢንተርኔት ለዓለም ያሰሙ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ ብርቅ ነበር። ሰዎቹ የቻሉትን ሁሉ አቅደዋል፤ ፏፏቴው፣ አለቱና አዞው ግን በዕቅዳቸው አይመሩም ነበር። ዛሬ ያ ውሃ ከታች በኩል ተገድቧል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ከኋላው ረጅም ሐይቅ አስተኝቷል፤ የሐይቁ ጫፍ አበርገሌና ዝቋላ ድረስ ይዘልቃል። በፍየልና በማሽላ ይኖር የነበረ የቆላ ሰው ልጅ ዛሬ መረብ ጥሎ ዓሣ ያወጣል።

«ነገ ወደዚያች ከተማ እንሄዳለን» የሚሉትን ሰዎች የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ አራት ይገሥጻቸዋል። ሰዎቹ ነጋዴዎች ናቸው፤ አንድ ዓመት ተቀምጠን፣ ነግደን፣ አትርፈን እንመለሳለን ይላሉ። ሐዋርያው ሕይወታቸው ታይቶ የሚጠፋ እንፋሎት መሆኑን አስታውሶ፣ ንግግራቸውን በጌታ ፈቃድ እንዲጀምሩ ያዛል። በቁርአንም በአል-ካህፍ ምዕራፍ «ነገ ይህን አደርጋለሁ» ማለት የፈጣሪን ፈቃድ ሳይጨምሩ እንዳይሆን ተነግሯል። አገሬው ሁለቱንም ከመጽሐፍ አልለቀማቸውም፤ ከእናቱ አፍ ነው የወሰዳቸው። ልብ መባል ያለበት አንድ ነገር አለ። ያዕቆብ ጉዞውን አልከለከለም። አትሂዱ፣ አትነግዱ፣ አታስቡ አላለም። ያረመው አነጋገራቸውን ነው፤ በአነጋገራቸው ውስጥ የተደበቀውን ትምክህት።

ቃሉ የሚበላሽበት መንገድ ሌላ ነው። ሁሉም ሰው ያውቀዋል። መምጣት የማይፈልግ ሰው «እግዚአብሔር ካለ እመጣለሁ» ይላል። ብድሩን የማይመልስ፣ ሥራውን የማይጨርስ፣ ቀጠሮ የማያከብር ሰው ሁሉ በዚህ ቃል ጥላ ሥር ይጠለላል። በኋላም ሳይመጣ ሲቀር የቀረው እሱ ሳይሆን እግዚአብሔር ይመስላል። ይህ የፈጣሪን ስም በከንቱ ከመጥራት ምን ይለያል? አንድ ዓይነት ስንፍና የትሕትና ልብስ ለብሶ ሲሄድ ማየት ያማል። በእስልምናም በሐዲስ የሚነገር ታሪክ አለ። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልተማመን ወይ ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ መጀመሪያ አስራት፣ ከዚያ ተማመን የሚል ነበር።

ተከዜ ዳር ያለ ሰው ግን ቃሉን እንዲህ አያባክነውም። «እግዚአብሔር ካለ ነገ እንሻገራለን» ሲል የሚያውቀውን ነገር እየተናገረ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ከላይ ላስታ ላይ በዘነበ ዝናብ ደራሽ ውሃ ድንገት ይመጣል። ፀሐይ እየሞቀው በደረቅ አሸዋ ላይ የሚሄድ ሰው ከኋላው ድምፁን ሲሰማ ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ «ካለ» ማለት ዕቅዱ የቆመበትን ቅድመ ሁኔታ በስሙ መጥራት ነው። ውሃው ካልወረደ ለማደር ተዘጋጅቻለሁ ማለትም ነው። ለማደር ሳይዘጋጅ «ካለ» ያለ ሰው ቃሉን ብድግ አድርጎ ተናገረው እንጂ አላመነበትም። ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይደግፉሃል የተባለው ክርስቶስ እምቢ ማለቱ በዚህ መልካ ላይ በደንብ ይገባል። የሞላ ወንዝ ውስጥ መግባት የእምነት ምልክት አይደለም።

እስካሁን የተባለው አንድ ሰው ከራሱ ነገ ጋር ያለበትን ጉዳይ ይመለከታል። ከባዱ ክፍል የሚመጣው ሲመሽ ነው።

በዚህ አገር የድሮ መንገደኛ ማደሪያ አያቅድም ነበር። ፀሐይ ባዘቀዘቀችበት ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርባል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ስሙ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። ከዋግ ደጋ ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄዱ ምእመናን ብዙዎቹ ዛሬም በእግራቸው ነው የሚሄዱት፤ አንዳንዱ ስእለቱ ስለሆነ ጫማውን አውልቆ። በሶና ቆሎ በአቁማዳ ቋጥሮ ይወጣል እንጂ አልጋ ይዞ አይወጣም። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ የላሊበላ ሰው በር ከፍቶ እንግዶቹን ይቀበላል፤ አቧራ የጠጣ እግራቸውን ዝቅ ብሎ ያጥባል።

ይህን ልማድ ብዙ ጊዜ የሚያወድሱት ሰዎች ከእንግዳው ወገን ሆነው ነው። ያላቀድኩትን እግዚአብሔር አዘጋጀልኝ ይላሉ። እውነት ነው። እግዚአብሔር ግን ያዘጋጀው በማን እጅ ነው? እህሉ ከሌማቱ ላይ በተአምር አልተገኘም። አንዲት ሴት ከወራት በፊት እንግዳ አይታጣም ብላ ጤፍና ገብስ ከቤተሰቧ አፍ ለይታ አስቀምጣለች፤ ጌሾ ወቅጣለች፤ እንጨት ከሩቅ ተሸክማለች። ለእንግዳው ያልታሰበ በረከት የሆነው ነገር ለእሷ ሲታሰብበት የከረመ ሥራ ነው። የአንዱ «እግዚአብሔር ያውቃል» በሌላው ዕቅድ ላይ ተኝቷል።

የዚች ሴት ሌማት ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከዋግ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተነቅሎ በእግሩ ወደ ኮረም ሄዷል። ያ ጉዞ የታቀደ አልነበረም፤ ቤት ያለው እህል ሲያልቅ ሰው ከነልጁ ተነስቶ ሄደ። ብዙው መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህም አገሩ አላረፈም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰቆጣ ዙሪያ በመጠለያ ከርመዋል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ዝቋላን፣ ሳህላንና አበርገሌን መታ፤ ከብቱ አለቀ። እንግዲህ ለደስታው ተከዜን ሊያይ የሚወርድ የከተማ ሰው በእነዚህ መንደሮች ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ቢል በሩ ይከፈትለታል። አይከለከልም። ችግሩ ይህ ነው። ባለቤቲቱ ለነገ ያስቀረችውን ዱቄት ታቦካለታለች፤ እሱም በልቶ «እግዚአብሔር አዘጋጀልኝ» ብሎ ይሄዳል።

ያው የያዕቆብ መልእክት፣ ነጋዴዎቹን ከመገሠጹ በፊት በምዕራፍ ሁለት፣ የተራበን ሰው ምንም ሳይሰጡ «በደኅና ሂድ፣ ጥገብ» ብሎ መሸኘት ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ምዕራፎች አንድ ላይ ሲነበቡ ለመንገደኛው ግልጽ የሆነ ሕግ ይወጣቸዋል። ለእግዚአብሔር መተው የሚቻለው በራስ ላይ የሚደርሰውን ነው። ሌላ ሰው የሚከፍለውን ነገር «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ መተው አይቻልም፤ ያ በእግዚአብሔር ሳይሆን በሰው ሌማት ላይ መታመን ነው። የራስን እግር፣ የራስን ጥማት፣ የራስን ቀን ለፈቃዱ መስጠት ጸሎት ነው። ስንቅን አለመያዝ ግን ዕዳን ለድሃ ማስተላለፍ ነው።

ታላላቆችም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ዓፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከዙላ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ መቅደላ የዘመተበት ጉዞ በዚያ ዘመን ከታቀዱት ሁሉ የሰፋ ሊባል ይችላል። 13,000 ያህል ወታደር፣ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች፣ ከባሕሩ ዳር የተዘረጋ የባቡር ሐዲድ፣ ገበሬው የሚያውቀው ማርያ ቴሬዛ ብር ሳይቀር ተዘጋጅቷል። ሠራዊቱ አሸንጌን አልፎ በተከዜ ራስጌ ሲሻገር ግን የእንስሳቱን ገፈራና የሰዉን እህል የሚገዛው ከየመንደሩ ነበር። ዋግንና ላስታን የያዘው ዋግሹም ጎበዜ፣ በኋላ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባለው፣ መንገዱን ቢዘጋ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። ከለንደንና ከቦምቤይ የተወጠነው ሁሉ በመጨረሻ ያረፈው ባላገሩ በሸጠው ገብስ ላይ ነው።

ተከዜን በሐሳብ ከተጓዙት ሁሉ የሚበልጠው ግን ብቻውን የሄደ አንድ ሰው ነው። በዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ላይ እንደተተረከው፣ በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊካዊነት በታወጀ ጊዜ የአክሱሙ መምህር ዘርዐ ያዕቆብ ተከሰሰ፣ ሊገደልም ተፈለገ፤ በሌሊት ወጥቶ ጠፋ። ተከዜ አጠገብ ደርሶ፣ ከዚያም ወደ ሸዋ አቅጣጫ ሲሄድ ሰው በሌለበት ቆላ አንዲት መልካም ዋሻ አገኘ። አውሬ እንዳይገባባት በድንጋይ አጥሮ ሁለት ዓመት ተቀመጠባት። ያቀደው አንዳች ነገር አልነበረም። ቢሆንም ከቤቱ ሲወጣ ያለችውን ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን መያዝ አልረሳም። ነፍሱን ለማዳን የሚሸሽ ሰው እንኳ ስንቅ ይቋጥራል። በዋሻው ሆኖ ዳዊት እየደገመ የጠየቀው ጥያቄ መንገደኛ ሁሉ በልቡ የሚጠይቀው ነው፤ የምጸልይለት ይሰማኛል ወይ? ጆሮን የፈጠረ እንዴት አይሰማም ከሚለው የዳዊት ቃል ተነስቶ፣ በልቡናው መርምሮ፣ ፈጣሪ አለ፣ ይሰማልም ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ሲሞት ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ገባ፤ በብራና እየጻፈ በእጁ ሥራ ኖረ። መጽሐፉን የጻፈው በእርግጥ እሱ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ኢጣሊያዊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ካነሳው ጀምሮ አልበረደም። ተከራካሪዎቹ ምንም ይበሉ፣ የሐተታው ሰው ስለ ፈጣሪ ጥበቃ ሲያስብ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መነኩሴ ነው ብለው የመጸወቱት እንደነበሩ አይደብቅም፤ ከዋሻው በወጣ ጊዜ ግን ላቡን አንጠፍጥፎ ለማደር መረጠ።

ከዋሻው ወደ ጫካው መመለስ ይገባል፤ ጫካው ስለ ማቀድ የሚናገረው ከሁሉ የከፋ ነውና። በአበርገሌና በተከዜ ሸለቆ ተረተሮች ላይ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል፤ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ ነው። ሰብሳቢው ከክረምት ማግሥት ጀምሮ ግንዱን በትንሽ መፋቂያ ያቆስለዋል፤ ነጭ እንባ ይወጣል፤ ይደርቃል፤ ይለቀማል፤ ቁስሉም በየሳምንታቱ ይታደሳል። ከዚያ ዛፍ የሚወጣው ዕጣን ነው በየማለዳው በጽና ላይ የሚጨሰው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ያለ ዕጣን ቅዳሴ የለም። እንግዲህ በዚህ ጫካ የሚሄድ ሰው ገና ያልጨሰ ጸሎት መካከል ነው የሚራመደው።

ያንን ጫካ ቀስ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ችግኝ የለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በተመለከታቸው የዕጣን ዛፍ ጫካዎች ከሦስት አራተኛ በላይ በሆኑት ውስጥ ትንንሽ ዛፎች እንዳልተገኙ፣ የዕጣን ምርትም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስታውቋል። ምክንያቱ አይሰወርም። ዘሩ ቢበቅል ፍየልና ከብት ይግጠዋል፤ እሳት ይበላዋል። ያለ ዕረፍት የሚቆስለው ዛፍ ደግሞ የሚያፈራው ዘር ጥቂት ነው፤ የሚበቅለውም ከዚያ ያነሰ። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት፣ ሕፃን የማይታይበት መንደር ይመስላል። ሁሉም ዕጣን ያጨሳል፤ ሁሉም ለከርሞ እግዚአብሔር ያውቃል ይላል። በመሠዊያው ፊት የሚወጣው ጢስ ያልተወለዱ ሰዎችን ዕጣን እየበላ ከሆነ፣ ይህ የዚያችን ሴት የነገ ዱቄት በልቶ «እግዚአብሔር አዘጋጀልኝ» ካለው እንግዳ በምን ይለያል? የተከለለ መሬት፣ ጥቂት ዓመት ከመቁሰል ያረፈ ዛፍ፣ ከፍየል የተጠበቀ ቡቃያ፤ እነዚህም የቅዳሴው ዝግጅት ናቸው ብሎ ማስተማር ለቤተ ክርስቲያን አይከብዳትም። ቅጥሯ ውስጥ ያሉትን ጽድና ወይራ ለዘመናት የጠበቀች እሷ ናት።

የሰቆጣ ስም ከዕቅድ ጋር የተጣመረበት ሌላ ቦታም አለ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት እስከ 2022 ዓ.ም. (2030 እ.ኤ.አ.) ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማጥፋት ሲነሳ ሥራውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ሰየመው። የመጀመሪያው ምዕራፍም የተጀመረው በአማራና በትግራይ በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነው። ስሙን የመረጡት ሰዎች «ዕቅድ» ሊሉት ይችሉ ነበር። ኪዳን አሉት። ዕቅድ ብቻውን ያቀደውን ይጠቅማል፤ ኪዳን ግን ሁለት ወገን አለው፤ ያፈረሰው በሌላው ፊት ይጠየቃል። ጦርነትና ድርቅ በመካከል ገብተዋል፤ ዓመቱ ግን አልተለወጠም፤ እየቀረበ ነው። የሕፃን ልጅ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደግሞ «ካለ» ተብለው ሊጠበቁ አይችሉም። አጥንቱ የሚያድገው አሁን ነው።

ከሰቆጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ የዋግሹሞች አስከሬንም በአቅራቢያው በሣጥን ተቀምጦ ኖሯል። ቁልቁል ከመውረዱ በፊት መንገደኛው እዚያ ቆም ቢል ይጠቀማል። በድንጋይ የሚገነባ ሰው ሲሳሳት አፍርሶ ይሠራል፤ አለት የሚፈለፍል ግን አንዴ የቆረጠውን መመለስ አይችልም። መዶሻው ከመነሳቱ በፊት ዓምዱ፣ ቅስቱ፣ ጣሪያው በልቡ ያለቀ መሆን አለበት። ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲነገር ደግሞ ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ሠሯቸው ይባላል። የሚነገረው ሰው አረፈ፣ መላእክት ጨረሱለት ተብሎ አይደለም። ሰው ቀኑን ሙሉ ፈለፈለ፤ ሌሊቱን ለእነሱ ተወ።

እንግዲህ የመንገደኞቹ ቀን ተቆርጧል፤ ከጥምቀት ማግሥት። የመንገዱ ሰላም ከወረዳው ሰዎች ተጠይቋል፤ በዚህ ዘመን ይህን ሳይጠይቁ መውረድ የለም። መንገድ የሚያሳይ የአካባቢው ልጅ ተገኝቷል፤ የቀን አበሉንም ከመነሳት በፊት ተነጋግረው ወስነዋል። ውሃ ማጣሪያ፣ አጎበር፣ ለጠዋት የሚሆን ጋቢ ተይዟል። ለሁለት ቀን ጉዞ የአራት ቀን በሶ ተቋጥሯል፤ ትርፉ የሚቀረው መንደር ውስጥ ነው። ደረቅ እንጨት እየለቀሙ እንጂ ከዕጣኑ ዛፍ ምንም ላይቆርጡ ተስማምተዋል።

ቁልቁለቱን ጨርሰው መልካው ላይ ሲደርሱ ውሃው ቀይ ነው። ወቅቱ አይደለም፤ ሰማዩም ባዶ ነው። በማዶ ፍየሎቹን የሚጠብቅ ልጅ እጁን ያወዛውዛል፤ ላይ ዘንቧል ማለቱ ነው፤ ተቀመጡ ማለቱ ነው። ከሾላው ሥር አቁማዳውን ፈትተው ይቀመጣሉ። ምናልባት ማታ፣ ምናልባት ነገ ጠዋት ይወርድ ይሆናል። ልጁም ከማዶ ቁጢጥ ብሎ ውሃውን ይመለከታል፤ ከመንገደኞቹ አንዱ ደግሞ ውሃው ሲጎድል ይዞለት የሚሻገረውን በሶ ለብቻው እየቋጠረ ነው።